የከሰረችውና ያልተበደረው

እህቴ ሬጂና ኪሳራ ለማወጅ ፍርድ ቤት የሄደች ቀን የለበሰችው ለአባታችን ቀብር የገዛችውን ጥቁር ቀሚስ ነበር። ልወስዳት ደጇ ደርሼ የመኪናውን በር እንደከፈተች «በርኒ፣ ስለ ቀሚሱ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አለችኝ። አልተነፈስኩም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሳምንት በመላው ኢሪ ከተማ እሷን የሚያህል ሐዘንተኛ አልነበረም።

የምትቀብረው ቦውሊንግ ቤቷን ነው። ከፖላንዳውያን ክበብ ጀርባ ያለ፣ ኳስ የሚንከባለልበት ስምንት መስመር ብቻ ያለው፣ ቢራና የሰው ጫማ የሚሸት ቤት ነበር። ከባሏ ስትፋታ በደረሳት ገንዘብ ገዝታው ሃያ ዓመት ያህል ቆማበታለች። አንድ የታኅሣሥ ሰኞ ከሐይቁ የመጣው በረዶ ጣሪያው ላይ ተከመረ፣ ተከመረ፣ ከዚያ ጣሪያው በሙሉ ስምንቱም መስመር ላይ ተኛ። ሰኞ ዝግ ስለሆነ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። ኢንሹራንሱ «ጣሪያው ቀድሞ መጠገን ነበረበት» ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኼ ነው። ማሽኖቹን ያሳደሰችበትን የባንክ ብድር ራሷ ዋስ ሆና ፈርማበታለች፤ ጣሪያው ከወደቀ በኋላም «ዛሬ ነገ እከፍተዋለሁ» እያለች የሠራተኞቿን ደመወዝና የመብራቱን ሂሳብ በክሬዲት ካርድ ስትከፍል ከረመች። ቤቱ ሲወድቅ ባለቤቱንም ይዟት ወደቀ ማለት ነው።

እንደሷ ላለ ሰው ይኼ ቀላል ነገር አልነበረም። ሌላዋ እናት የልጇን የትምህርት ውጤት እንደምታወራ ሬጂና የክሬዲት ነጥቧን፣ ዕዳውን በሰዓቱ የሚከፍል ሰው ከፍ የሚልለትን ቁጥር፣ ታወራ ነበር። ልጅ የላትም፣ ነጥብ ነበራት። ምሳ ላይ ተቀምጠን ድንች እያቀባበልን ሳለ በድንገት «ሰባት መቶ ዘጠና አንድ ገብቻለሁ» ትላለች። ባለቤቴ ክላይድ አንድ ጊዜ «ደም ግፊትሽ ነው?» ብሎ ጠይቋት ለሳምንት አኩርፋዋለች።

ጠበቃዋ ወይዘሮ ታላሪኮ ከፒዛ ቤት በላይ ቢሮ ያላት አጭር ሴትዮ ነች። ነገር አታስረዝምም።

«ፍርዱ በጥቂት ወር ውስጥ ያልቃል» አለቻት። «የካርዶቹም፣ የባንኩም ዕዳ ይሰረዛል። ምልክቱ ግን ክሬዲትዎ ላይ አሥር ዓመት ይቀመጣል።»

«አሥር ዓመት? ሰው ገድሎ ከዚያ ቀድሞ የሚወጣ አለ እኮ።»

«አለ» አለች ወይዘሮ ታላሪኮ። «እሱም ግን ቤት ለመከራየት ይቸገራል።»

ፍርድ ቤት ስንደርስ ሬጂና ቅጣቷን ለመቀበል ዝግጁ ነበረች። ዳኛ አልነበረም። የከሰረ ሰው ንብረት የሚያጣራ፣ ባለአደራ የተባለ፣ ጉንፋን የያዘው ሰውዬ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ያቀረበችው ነገር ሁሉ እውነት መሆኑን ጠየቃት። በቅርቡ የምትወርሰው ሀብት እንዳለ ጠየቃት። ጀልባ አላት ወይ ብሎም ጠየቃት። ከዚያ አፍንጫውን ተናፈጠና «ቀጣይ» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ እህቴ ተቀይማ ነበር።

«ይኼው ነው?» አለችኝ። «ቢቆጣኝ ምናለበት? ሃያ ዓመት የሠራሁትን ቤት ጥዬ መጥቼ ስለ ጀልባ ይጠይቀኛል?»

«አንቺ ደግሞ፣ ተቆጪ ካጣሽ እኔ ልቆጣሽ።»

«ያንቺንማ ለምጄዋለሁ።»

ቁጣው ከሌላ በኩል መጣ። የክሬዲት ነጥቧ አምስት መቶ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ወይዘሮ ታላሪኮ እንደነገረቻት ከሆነ አወዳደቁ የሚብሰው ከላይ ለነበረው ነው፤ ድሮም ታች የነበረ ሰው ብዙ አይወርድም። ሬጂና ቁጥሩን ለማንም አላወራችም። ለኔም የነገረችኝ ስልኳን አዙራ አሳይታኝ ነው፣ በአፏ ማለት አቅቷት።

ቤት ፍለጋ ጀመርን። የነበረችበትን ቤት ከቦውሊንግ ቤቱ ጋር ለባንኩ አስይዛው ስለነበር አብሮ ሄዷል። የመጀመሪያውን አፓርታማ ያሳየችን ሥራ አስኪያጅ ጥፍሯን ሐምራዊ የተቀባች ደግ ሴት ነበረች። ኩሽናውን አሳየችን፣ የልብስ ማጠቢያውን አሳየችን፣ ከላይ የሚኖሩት ሰዎች ቀስ ብለው እንደሚራመዱ ማለልን። ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሩን ስታይ ግን ድምፅዋ ቀነሰ።

«ወይዘሮ ቮይቺክ፣ እዚህ ጋ ኪሳራ ይላል።»

«አዎ፣ እኔው ነኝ።»

«እንግዲህ ደንባችን…»

«ክፍያ አሳልፌ አላውቅም እኮ። ጣሪያው እስኪወድቅ ድረስ አንድ ቀን አላሳለፍኩም።»

«እኔ አምንዎታለሁ» አለች ሴትዮዋ፣ ከልቧ ነው። «ኮምፒውተሩ ነው የማያምንዎት።»

ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ወደ መኪናው ስንመለስ ሬጂና ቀበቶዋን እያሰረች «ከአሁን በኋላ የትም ብሄድ ቀድሞኝ ሄዶ በር የሚያንኳኳ ሰው አለ ማለት ነው» አለች። አንጀቴን በላችኝ። እኛ ቤት ከጋራዡ በላይ ያለችውን ክፍል አጽድተን ክረምቱን እዚያ አሳለፈች። ክላይድ ማሞቂያ ገጠመላት፤ ስለ ደም ግፊቷም ዳግመኛ አላነሳም።

የሚገርመው፣ አከራዮች ሲሸሿት የመኪና ነጋዴዎች ደግሞ ይናፍቋት ጀመር። ዕዳዋ በፍርድ ቤት በተሰረዘ በወሩ ፖስታ ሳጥናችን ሞላ። አንዱ «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል፤ ሌላው ፊቷን እንኳ አይቶ ሳያውቅ «ውድ ሬጂና» ብሎ ይጀምራል። የድሮ መኪናዋ በብድር የተገዛ ስለነበር አስረክባዋለች፣ ሥራ ለማግኘት ደግሞ መኪና ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ወደ አንዱ አብረን ሄድን። ሻጩ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ልጅ ነበር። ቡና በወረቀት ኩባያ ሰጠን፣ ወንበር ሳበልን።

«በጣም የምንወዳቸው ደንበኞች እንደርስዎ ያሉት ናቸው» አላት።

«ምኔን ወደድከው?»

«ዕዳ የለብዎትማ። ደግሞ እንደዚያ ዓይነቱን ኪሳራ እንደገና ለማወጅ ስምንት ዓመት መጠበቅ አለብዎት። የትም አያመልጡም።»

ይህን የተናገረው ሊያሞካሻት ነው። ሬጂና ወለዱን ጠየቀችው። ሃያ ሦስት ከመቶ፣ ለስድስት ዓመት። እህቴ ሃያ ዓመት ሙሉ የንግድ ሂሳብ የሠራች ሴት ናት፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ማስታወቂያ ገልብጣ ጀርባው ላይ አሰላችው።

«የምትሸጥልኝ አንድ መኪና ነው ሁለት?»

«አንድ ነው።»

«ታዲያ የሁለቱን ዋጋ ለምን ታስከፍለኛለህ?»

ቡናችንን ጨርሰን ወጣን። ክላይድ ከሥራ ባልደረባው አንዲት ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ መኪና በጥሬ ገንዘብ አስገዛት። የመኪናዋ ኢንሹራንስ በክሬዲቷ ምክንያት ከድሮው ጨምሮ መጣ። «ቦውሊንግ ቤቴ መውደቁ ከመሪ አያያዜ ጋር ምን አገናኘው?» ብላ ስልክ ደውላ ተከራከረች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ጥያቄው ትክክል እንደሆነ፣ ክፍያው ግን እንደማይቀንስ ነገረቻት።

ሥራ ግን አገኘች፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት። የአውቶቡሶቹ ጋራዥ አለቃ ስለ ክሬዲት ምንም አልጠየቃትም፤ የጠየቃት ጫጫታ ትችያለሽ ወይ ብሎ ነው። «ሃያ ዓመት ቦውሊንግ ቤት ነበርኩ» ስትለው «ሰኞ ጀምሪ» አላት። ፈቃዱን እስክታወጣ ጥቂት ሰኞዎች አለፉ እንጂ ሰውየው ቃሉን ጠብቋል።

የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ቁጠባና ብድር ማኅበር ሄዳ ሦስት መቶ ዶላር አስይዛ እስከ ሦስት መቶ ዶላር የሚያስገዛ ክሬዲት ካርድ ወሰደች። ማስያዣ ካልሰጠች የሚያምናት አልነበረም። ክላይድ ነገሩ አልገባ አለው።

«ቆይ፣ ገንዘቡ የማን ነው?»

«የኔ።»

«አበዳሪውስ?»

«እነሱ።»

«የራስሽን ገንዘብ አበድረውሽ፣ መልሰሽ ለነሱ ትከፍያለሽ? ጂና፣ ለኔ ስጪኝ፣ እኔም እንደዚያ አደርግልሻለሁ።»

«አንተ ለማንም አትናገርልኝም። እነሱ በየወሩ ለክሬዲት መዝገቡ 'ከፍላለች' ብለው ይናገሩልኛል።»

በወር አንድ ጊዜ ነዳጅ ትቀዳበታለች፣ ሂሳቡ ሲመጣ ሳታሳድር ሙሉውን ትከፍላለች፣ በቃ። ሌላ ነገር አትገዛበትም። አንዴ ገበያ ላይ ያማረ ቦት ጫማ አይታ «ካርዱን አውጪያ» ስላት ሙሉ ጠርሙስ ክኒን ዋጪ እንዳልኳት ሆና አየችኝ። ቁጥሩ በጣም ቀስ እያለ ወደ ላይ መቁጠር ጀመረ። በጸደይ አንዲት ባልቴት ሁለት እጥፍ ማስያዣ ተቀብላ አንድ ክፍል ቤት አከራየቻት፤ እህቴም ከጋራዣችን ወጣች።

ኖርበርት ኬስለር የመጣው በዚህ መካከል ነው። ከከተማው የባቡር ፋብሪካ ጡረታ ወጥቶ በሳምንት ሦስት ቀን የአውቶቡሶቹን ሞተር የሚጠግን፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ትከሻው ሰፊ፣ ወሬው አጭር ሰው ነው። የሬጂናን አውቶቡስ ማሞቂያ ጠገነላት። በሳምንቱ ያልተበላሸውን ማሞቂያ እንደገና ጠገነላት። ከዚያ ሥጋ በማይበላበት የጾም ዓርብ ፖላንዳውያኑ ክበብ ውስጥ የሚጠበሰውን ዓሣ አብራው እንድትበላ ጠየቃት።

የኖርበርት ጠባይ የታወቀው ያን ዕለት ነው። ሂሳብ ሲመጣ ከኪሱ በላስቲክ የታሰረ የዶላር ኖት አወጣ፣ አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ቆጠረ፣ ከፈለ። ይህ ሰው በሕይወቱ ተበድሮ አያውቅም። መኪናውን የገዛው በጥሬ ነው። ስልኩ አስቀድሞ የሚሞላ ነው። የሚኖረው ከአክስቱ ልጅ ቤት ፎቅ ላይ ሲሆን ኪራዩን በየወሩ እጅ በእጅ ይሰጣል። የሟች ሚስቱን የሕክምና ወጪ እንኳ ያጠራቀመውን አሟጦ ከፍሎታል። ክላይድ መሰላል ሊያውሰው ቢል «አይ፣ እኔ መዋስ አልወድም» ብሎ ሄዶ አዲስ መሰላል ገዛ።

«አባቴ 'ተበዳሪ ሰው በሰው አልጋ ላይ ያድራል' ይል ነበር» ይለናል። ደጋግሞ ይለናል። ሬጂና ዓሣዋን ትቆራርሳለች።

አንድ እሑድ ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንድታገባው ጠየቃት። እምቢ አለችው። ያን ዕለት ከሰዓት እኔ ቤት መጥታ አፍንጫዋ ቀልቶ ነገረችኝ።

«ምን አልሽው?»

«ስሜ ተበላሽቷል፣ ያንተንም አበላሻለሁ አልኩት።»

«እሱስ?»

«'ስንጋባ ስሜን የምትወስጂው አንቺ ነሽ እንጂ ስምሽን የምወስደው እኔ ነኝ እንዴ?' አለኝ።»

«መልስ ነው እኮ።»

«አሾፊ አንቺ። ሰውየው በዕድሜው አንድ ሳንቲም ዕዳ የለበትም። እኔን ካገባ ያ ምልክት በሱም ላይ ይጋባል።»

ወይዘሮ ታላሪኮ ጋ ደወልኩና ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጥኩት። ጠበቃዋ ሳቀችባት። ክሬዲት እንደ ጉንፋን አይተላለፍም፣ እሱ የራሱ መዝገብ አለው፣ እርስዎ የራስዎ አለዎት፣ አብራችሁ ካልፈረማችሁ በቀር ቀለበት አያገናኘውም አለቻት። ሬጂና ስልኩን ዘጋች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ቦርሳዋን አነሳች።

«ወዴት ነው?»

«ሐይቁ ዳር። እስክትመለሺ እዚያው ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ ብሎኛል።»

በግንቦት ተጋቡ። ክበቡ ውስጥ ተጨፈረ፤ ኖርበርት ለሙዚቀኞቹ አስቀድሞ ከፍሏል።

ሁለት ዓመት ያህል ፎቁ ላይ በሰላም ኖሩ። ከዚያ የአክስቱ ልጅ ቤቱን ሸጦ ወደ ሞቃት አገር ሊሄድ ተነሳ። ኖርበርት አልተጨነቀም። በምሥራቁ ሰፈር አረንጓዴ የተቀባች፣ ሁለት መኝታ ያላት፣ በረንዳዋ ትንሽ ያዘመመች ቤት አይተዋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያጠራቀመው ለቅድሚያ ክፍያው ይበቃል፤ የቀረውን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበደራል። «እኔ ስላለሁ ችግር የለም» አላት። «አንቺ ዝም ብለሽ አጠገቤ ተቀመጪ።» ክራቫት አሠረ። ማመልከቻቸውን አስቀድመው አስገብተው ነበርና ቁጠባና ብድር ማኅበሩ ውሳኔውን ሊነግራቸው ጠራቸው። እኔም አብሬያቸው ሄድኩ፣ ከዚያ ወጥተን ቤቷን ሊያሳዩኝ ነበር።

የተቀበለን ዴቮን የሚባል ጨዋ ወጣት ነው። ኮምፒውተሩን አየ፣ ቁልፎቹን ነካካ፣ እንደገና አየ።

«አቶ ኬስለር፣ የምናገኘው ነገር የለም።»

«ጥሩ ነዋ። ዕዳ የለብኝም።»

«አይ፣ ማለቴ… እርስዎ የሉም።»

«እንዴት የለሁም? ይኸው ተቀምጫለሁ።»

«ይታዩኛል፣ ክሬዲት መዝገቡ ላይ ማለቴ ነው። ተበድረው ስለማያውቁ መልሰው ይክፈሉ አይክፈሉ የሚናገር ነገር የለም። ነጥብዎ ዝቅተኛ አይደለም፣ ነጥብ የለዎትም።»

«ኪራይ ስከፍል ኖሬያለሁ።»

«ደረሰኝ አለዎት?»

«ለአክስቴ ልጅ? ምን ደረሰኝ ያስፈልገኛል?»

ዴቮን አንገቱን አከከና ወደ እህቴ ዞረ። «ወይዘሮ ሬጂና ግን ስድስት መቶ ሰባ ሁለት ላይ ናቸው። ፍርዱ ካለቀ ሁለት ዓመት አልፏል፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ክፍያ አላሳለፉም፣ ሥራቸውም ቋሚ ነው። መንግሥት ዋስ በሚሆንበት ብድር በሳቸው ስም ብቻ መሄድ እንችላለን። ወለዱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን ይቻላል።»

የኖርበርት ጆሮ ከጫፉ ጀምሮ ቀላ።

«ለሷ ነው የምታበድረው?» አለ። «እሷ እኮ የከሰረች ናት።»

ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር በገንዘብ ከፋዩ መስኮት የተሰለፉት ሰዎች ዘወር አሉ። እህቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ዴቮንን አመሰገነችው፣ እንደምትደውልለት ነገረችው፣ ቀድማን ወጣች። ቤቷን ለማየት አልሄድንም። ወደ ቤት ስንመለስ ኖርበርት መኪናው ውስጥ ክራቫቱን ፈታ።

ሳምንቱን ሙሉ ተኳርፈው ሰነበቱ። ሬጂና ቁርሱን ታቀርብለታለች፣ «ጨው ጎደለ?» ብላ ትጠይቀዋለች፣ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለም። ቅዳሜ ኖርበርት እኛ ጋራዥ መጥቶ ባዶ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ክላይድ አልነበረም፤ እኔ ችግኝ እያዘዋወርኩ ነበር።

«ስድሳ ሁለት ዓመት ማንንም ሳላስቸግር ኖሬ» አለ፣ «አንድ ፍሬ ልጅ 'የለህም' ይለኛል።»

«ያናድዳል።»

«ጣሪያ ወድቆባት ዕዳዋን በፍርድ ቤት ያሰረዘችውን ሰው ደግሞ 'ይምጡ፣ ይግቡ' ይላል። ይኼ ፍትሕ ነው?»

«ኖርበርት፣ እዚያ ምን እንዳልክ ታውቃለህ?»

«ምን አልኩ?»

«'የከሰረች ናት' አልክ። ሰው ፊት።»

ባልዲው ላይ ተቁነጠነጠ። «ውሸት ነው እንዴ?»

«እውነትማ እውነት ነው። እኔም ወፍራም ነኝ፤ ክላይድ ግን ባንክ ቤት ገብቶ አያውጅብኝም።»

የሥራ ጫማውን አየ። ከዚያ በዝግታ «በየወሩ ያንን የነዳጅ ሂሳብ ለመክፈል በእግሯ ነበር የምትሄደው» አለ። «ለምን በመኪና አትሄጂም ስላት 'ነዳጁ ያልቃላ' ትለኛለች። እኔ ደግሞ አልጋ፣ አልጋ እያልኩ የአባቴን ተረት እተርትባታለሁ።» ተነሳ፣ ባልዲውን ወደ ቦታው መለሰ፣ ሄደ።

ከዚያ የሆነውን የነገረችኝ ሬጂና ናት። ሰኞ ጠዋት ሹፌሮቹ ሁሉ ጋራዡ ውስጥ ቡናቸውን ይዘው መብራትና ጎማ ሲያዩ ኖርበርት የሥራ ቀኑ ሳይሆን መጣ። እጁን ጨርቅ ላይ ይጠርጋል፣ እጁ ግን ንጹሕ ነው። አውቶቡሷ ፊት ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰው ፊት ያልኩትን ሰው ፊት ነው መመለስ ያለብኝ» አለ። «ስሙኝ፣ ባንኩ ለኔ አያበድርም። ለሚስቴ ግን ያበድራል። ደግሞም ልክ ነው፤ እኔም ብሆን ከኔ ይልቅ እሷን አምናለሁ።»

ከሹፌሮቹ አንዷ «ለኔም ታበድረኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለች። ሬጂና ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆና «ኖርበርት፣ ግባና ቁጭ በል፣ ሰው ይስቅብሃል» አለችው። ገባ። ልጆቹን እስክታወርድ የመጀመሪያው ወንበር ላይ እንደ ተማሪ ተቀምጦ ከተማውን ዞረ።

በዚያው ሳምንት ዴቮን ጋ ተመለሱ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ቤቷ በእህቴ ስም፣ ብድሩም በእህቴ ስም ሆነ። ለቅድሚያ ክፍያው የኖርበርት ቁጠባ ስለሚገባ ዴቮን አንድ ገጽ አቀረበለት፤ ገንዘቡ ለሚስቱ የተሰጠ ስጦታ መሆኑን፣ ብድር አለመሆኑን፣ መልሳ እንድትከፍለው እንደማይጠብቅ የሚናገር ነው። ኖርበርት መነጽሩን አድርጎ ቃል በቃል አነበበው።

«ይኼን ሁሉ የጻፋችሁት እኔ እንዳልጠይቃት ነው?»

«ደንብ ነው፣ አቶ ኬስለር።»

«ልጄ፣ እኔ መበደር ብቻ አይደለም፣ ማበደርም አልችልበትም» ብሎ ፈረመ። ፊርማው ሲያበቃ እህቴ እጁን በጠረጴዛው ሥር ያዘችው፤ አይቻታለሁ።

በዚያው ዕለት እሱም ሦስት መቶ ዶላር አስይዞ ካርድ አወጣ። ነዳጅ ማደያው ጋ ሬጂና አስተማረችው። መጀመሪያ ገልብጦ ከተተው፣ ከዚያ ሳይጨርስ ቶሎ ነቀለው። በመጨረሻ ማሽኑ ተቀበለውና አርባ ዶላር ቀዳ።

«አሁን ዕዳ አለብኝ?»

«አለብህ።»

«መቼ ነው የምከፍለው?»

«ሂሳቡ ሲመጣ። ሦስት ሳምንት ያህል።»

«ሦስት ሳምንት ይኼን ተሸክሜ ልዙር?»

በማግስቱ ጠዋት ዴቮን በሩን ሊከፍት ሲመጣ ኖርበርት አርባ ዶላር በእጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘው። ሂሳቡ ገና እንዳልወጣ፣ ካልወጣ ደግሞ የሚመዘገብለት ነገር እንደሌለ አስረዳው። ኖርበርት ወደ ቤት ተመልሶ «የተበደሩትን መክፈል የሚከለክል አገር» እያለ ሲያጉረመርም ዋለ። በስድስተኛው ወር ግን ነጥብ ወጣለት። ስንት እንደሆነ እንድንጠይቀው ሁለት እሑድ ሙሉ ጠበቀን፤ ማንም አልጠየቀውም፣ ሬጂና ከልክላን ነበር።

የእህቴ መዝገብ ላይ ያለው ምልክት ዛሬም እዚያው ነው፤ ሊጠፋ ገና ዓመታት ይቀሩታል። አንድ ቀን ያስጨንቃት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ይቆይ» አለችኝ። «አይበላ፣ አይጠጣ።»

ወደ ኋላ ልመለስና፣ አዲሱ ቤት ከገቡ በሦስተኛው እሑድ እኔና ክላይድ በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ ሠርተን ለምሳ ሄድን። በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ግን የለም። ድምፅ የሚሰማው ከምድር ቤት ነው። ደረጃውን ወርደን ስናይ ቧንቧው ፈንድቶ ውኃው ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ሬጂና ሱሪዋን ጠቅልላ፣ ፀጉሯ ከግንባሯ ተለጥፎ ከቧንቧው ጋር ትታገላለች። ኖርበርት የዕቃ ሣጥኑን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ደረጃው ላይ ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት የኖረ ሰው ነውና የለመደው አፉ አመለጠው።

«ለቤቱ ባለቤት ደውዪለት እንጂ።»

እህቴ ቀና ብላ አየችው።

«ደውዬላታለሁ» አለች። «መጥታለች። መፍቻውን አቀብላት።»

አቀበላት። ክላይድ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ እኔ ባልዲ ፍለጋ ወጣሁ። ምሳውን ስንበላ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፣ አራታችንም ባዶ እግራችንን።